ልጁ የማያውቀው፣ እርስዎ የሚያውቁት፦ ባለ ሰባት ቅጹን የክሊፍተን ቤተሰብ ታሪክ ሳይሰለቹ ለማንበብ

ጥያቄ፦ «የእንግሊዛዊውን ደራሲ የጄፍሪ አርቸርን ኦንሊ ታይም ዊል ቴል የተባለ ልቦለድ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም መሃል ላይ ተውኩት። የድኻው ልጅ ታሪክ ደስ ይላል፤ ግን ልክ መሮጥ ሲጀምር ሌላ ሰው ብቅ ይልና ከመጀመሪያው ያወራዋል። ስሞቹ ይምታቱብኛል፣ የእንግሊዞቹ ትምህርት ቤትም አይገባኝም። ሰባት ቅጽ አለው ሲሉኝ ደግሞ ጭራሽ ተስፋ ቆረጥኩ። እንዴት ላንብበው? ሰባቱንም ማንበብ ግድ ነው?»

ምላሽ፦

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ሰባቱንም ማንበብ ግድ አይደለም። ሁለቱን ግን አንድ መጽሐፍ ነው ብለው ይቁጠሩት። የመጀመሪያው ቅጽ የሚዘጋው ልብ አንጠልጥሎ ስለሆነ፣ ሁለተኛውን አጠገብዎ ሳያስቀምጡ መጀመር በገዛ እጅ ንዴት መግዛት ነው። ስለ ቀሪዎቹ ወደ በኋላ እመለሳለሁ።

ያማረሩበት የታሪኩ ወደ ኋላ መመለስ የመጽሐፉ ጉድለት ሳይሆን ዋናው ሞተሩ ነው። ልጁ፣ ሃሪ ክሊፍተን፣ የወደብ ጫኝና አውራጅ ልጅ ሆኖ በእንግሊዟ የወደብ ከተማ በብሪስቶል የድኻ ሰፈር ጎዳናዎች ያድጋል። ከፍ ማለቱን ግን ከሽፋኑ ጀምረው ያውቁታል፤ «ይሳካለት ይሆን?» እያሉ ቢያነቡ ጥያቄው በ50 ገጽ ውስጥ ያልቅብዎታል። መጽሐፉ የተሠራበት ጥያቄ ሌላ ነው፤ ልጁ በወጣው መሰላል ላይ እያንዳንዱን ደረጃ ማን አቆመለት? ማንስ ከፈለበት? ልጁ ራሱ ይህን አያውቅም። ለዚህም ነው ሌሎቹ አንድ በአንድ እየመጡ የየራሳቸውን ድርሻ የሚናገሩት።

አሠራሩን ልብ ይበሉ። መጽሐፉን የሚከፍተው ልጁ ሳይሆን እናቱ ሜዚ ናት። በጥቂት ገጾች፣ በ1919 (ዓመቶቹን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ አርተር ክሊፍተንን ከማግባቷ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ለሠራተኞች በተዘጋጀ የባሕር ዳር ሽርሽር ላይ ከመርከብ ኩባንያው ባለቤት ልጅ ከሂዩጎ ባሪንግተን ጋር የሆነውን ትነግርዎታለች። ከዚያ ሃሪ ይመጣና አባቱ በጦርነቱ መሞቱን እንደተነገረው ያወራል። ያኔውኑ እርስዎ ከልጁ አንድ እርምጃ ቀድመዋል። ቀጥሎ ሜዚ ራሷ፣ ሂዩጎ ባሪንግተን፣ ወደቡ ላይ በባቡር ፉርጎ ውስጥ የሚኖረው አሮጌው ጃክ ታር፣ የሃሪ ጓደኛ ጃይልስ፣ የጃይልስ እኅት ኤማ፣ በመጨረሻም እንደገና ሃሪ ይተርካሉ። ስድስት ሰዎች ናቸው። እያንዳንዱ ክፍል በአጭር የ«እኔ» ትረካ ይጀምርና ወዲያው ስለዚያው ሰው በ«እሱ» ወይም በ«እሷ» ወደሚያወራ ረዘም ያለ ትረካ ይዞራል። አንባቢ የሚደናገረው እዚህ መታጠፊያ ላይ ነው፤ «አሁን የሚያወራው ማን ነው?» ይላል። ተናጋሪው ተለወጠ እንጂ ሰውየው አልተለወጠም፤ የክፍሉ ርዕስ ላይ ስሙ ያለው ሰው እስከ ክፍሉ መጨረሻ ባለቤቱ ነው።

ስለዚህ አንድ ደብተር ያዘጋጁ። ብዙ አይጻፉበት፤ በአንድ ገጽ ላይ አራት ዓምድ ያስምሩ፦ ዓመት፣ የሆነው ነገር፣ የነገረኝ ሰው፣ ከበፊቱ ምን ተጨመረ። የመጀመሪያውን የሃሪ ክፍል ሲያነቡ ከስምንት እስከ አሥር ክስተት ብቻ ይመዝግቡ፤ ትምህርት ቤት የገባበትን፣ ከአሮጌው ጃክ ጋር የተገናኘበትን፣ ከጃይልስ ቤተሰብ ጋር መጀመሪያ የተያየበትን፣ ቤት ውስጥ ገንዘብ በድንገት የተገኘበትን ወይም የጠፋበትን። ከዚያ የሜዚ ክፍል ሲመጣ አዲስ መስመር አይክፈቱ፤ እዚያው መስመር ላይ አራተኛውን ዓምድ ይሙሉ። አራተኛው ዓምድ ባዶ የቀረበት መስመር ካለ ወይ አልፈውታል፣ ወይ ገና አልደረሰም። ሦስተኛው ተራኪ ላይ ሲደርሱ፣ ልጁ «ዕድል» ያለው ነገር ሁሉ ከጀርባው የሰው እጅ እንዳለበት ከገጹ ላይ በዓይንዎ ያዩታል። ይህን ያለ ወረቀት በቃል ለመያዝ የሚሞክር ሰው ነው «ደገመብኝ» የሚለው።

ስሞቹን በተመለከተ ችግሩ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ የሁለት ባህሎች የስም ሥርዓት ግጭት ነው። በእኛ ሁለተኛው ስም የአባት ነው፤ ሴትም ስታገባ ስሟ አይነካም። በእነሱ ሁለተኛው ስም የቤቱ ነው፤ ሚስትም ልጅም አያትም አንድ ይጋራሉ። በዚያ ላይ በእንዲህ ያሉ የወንዶች ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች የሚጠራሩት በቤተሰብ ስም ነው። ስለዚህ እናቱ ጓዳ «ሃሪ» የነበረው ልጅ ትምህርት ቤት «ክሊፍተን» ይሆናል፤ ጃይልስ «ባሪንግተን» ይባላል፤ አባቱም «ሚስተር ባሪንግተን» ናቸው፤ አያቱ ደግሞ «ሰር ዋልተር»። «ሰር» የሚቀጠለው በመጀመሪያ ስም ላይ ነው፤ «ሰር ባሪንግተን» የሚባል የለም። ዲኪንስ የተባለውን ቀለሜ ጓደኛቸውን በመጀመሪያ ስሙ ሲጠሩት እምብዛም አይሰሙም።

መፍትሔው ግማሽ ገጽ የሚሞላ የዘር ሐረግ ነው። ሦስት ቤት ይሥሩ፦ ታንኮክ (ሜዚና ወንድሟ ስታን የተወለዱበት)፣ ክሊፍተን (አርተር)፣ ባሪንግተን (ሰር ዋልተር፣ ልጃቸው ሂዩጎ፣ የሂዩጎ ሚስት ኤልሳቤጥ፣ ልጆቻቸው ጃይልስ፣ ኤማና ግሬስ)። የተረጋገጠውን ዝምድና በቀጥታ መስመር፣ የሚጠረጠረውን በነጠብጣብ መስመር ያገናኙ። ሃሪ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ሁለት ነጠብጣብ መስመር ይኖረዋል፤ አንዱ ወደ አርተር፣ አንዱ ወደ ሂዩጎ። መስመሩን ወደ ቀጥታ ለመለወጥ አይቸኩሉ።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የተዘጋጀ የዘር ሐረግ ከኢንተርኔት አይፈልጉ፤ የኋለኞቹን ቅጾች የጀርባ ሽፋንም አያንብቡ። ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን እንደሞተ እዚያ ላይ በአንድ መስመር ተዘርግፎ ያገኙታል። በዚህ መጽሐፍ ከተነገረ በኋላ የማይመለስ ደስታ ካለ እሱ ነው።

ዓመተ ምሕረት ስንቀይርም የምንሳሳተው ስህተት አለ፤ ቀላል ይመስላል፣ ግን ቁልፍ ፍንጭ ይሰርቃል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ያበቃው ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ ኖቬምበር 11 ቀን 1918። ሃሪ የተወለደው በ1920 ነው። በእኛ ሲመለስ ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ያለው 1912 ይሆናል። አዩት? በእነሱ ቁጥር በሁለት የሚራራቀው በእኛ 1911 እና 1912 ሆኖ አጠገብ ለአጠገብ ይቆማል፤ ልጁ ለተነገረው ነገር ያለዎት ጥርጣሬም አብሮ ይለዝባል። አባቱ የሞቱት ጦርነቱ ሊያበቃ ቀናት ሲቀሩት ነው የተባለውን ከልጁ የልደት ዓመት ጋር በወር ያስሉት፤ ከልጁ ቀድመው ይደርሱበታል። ስለዚህ ይህን መጽሐፍ ሲያነቡ ዓመቱን አይቀይሩ፤ በእነሱ ቁጥር ይያዙት። ብቸኛው መልሕቅ የሚያስፈልግዎ ብሪታንያ በጀርመን ላይ ጦርነት ያወጀችበት ሴፕቴምበር 3 ቀን 1939 ነው። የመጀመሪያው ቅጽ ሁሉ ወደዚያ ቀን ነው የሚፈሰው።

አሁን ትምህርት ቤቱ። የልጁ መሰላል እሱ ስለሆነ እዚህ ላይ ዘርዘር ማድረግ ይገባል።

በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር የድኻ ልጅ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ በ14 ዓመቱ ወጥቶ ሥራ ይጀምራል። የ14 ዓመቱን ገደብ ያስቀመጠው የ1918ቱ የትምህርት ሕግ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሁሉም ነፃ የሆነው ግን ከ1944ቱ ሕግ በኋላ ነው፤ ማለትም ሃሪ ተምሮ ከጨረሰ በኋላ። ስለዚህ ሃሪ ትምህርት ቢያቆም የሚጠብቀው አጎቱ ስታን የሚውልበት ወደብ ነው። የወደብ ሥራም የወር ደመወዝ ያለው ቋሚ ሥራ እንዳይመስልዎ። ብዙው ሰው ጠዋት ተሰልፎ አለቃው ጣቱን የቀሰረበት ብቻ የሚገባበት የቀን ሥራ ነበር፤ ይህ በሕግ የተስተካከለው በ1947 ነው። የእናቱን ፍርሃት የሚረዱት ይህን ሲያውቁ ነው።

ከዚያ ሕይወት የሚያወጣው በር ድምፁ ነው፤ ነፃ የትምህርት ዕድል (ስኮላርሺፕ) የሚያገኘው በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ በመዘመሩ ነው። የኛ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም፤ የቆሎ ተማሪም ድኻ ሆኖ በድምፁና በአእምሮው ነው ዜማ ቤት ገብቶ ሰው የሚሆነው። ልዩነቱ ግን ወሳኝ ነው። የእኛ ዜማ የጎልማሳ ድምፅ ይቀበላል፤ መሪጌታው ሸምግሎም ያዜማል። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ለልጁ ቦታ የሰጠው ለቀጭኑ የልጅነት ድምፁ ነው፤ ያ ድምፅ በ12 ወይም በ14 ዓመት አካባቢ ይጎረንናል። ድምፁ በተሰበረ ማግስት ስኮላርሺፑ የቆመበት መሬት ይናጋል። እና ሃሪ በዘመረ ቁጥር ከጀርባው ሰዓት እየቆጠረ ነው ብለው ያንብቡት፤ ደራሲው ይህን እየደጋገመ አይነግርዎትም፣ የአገሩ አንባቢ ያውቃል ብሎ ነው።

የቃላቱ ወጥመድም አለ። እንግሊዞች «ፐብሊክ ስኩል» የሚሉት የሕዝብ ትምህርት ቤት ሳይሆን ውድ የግል አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። «ፕሬፕ» የሚሉት ደግሞ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ለዚያ የሚዘጋጁበት ነው። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሴንት ቢድስ ደራሲው የፈጠረው ነው፤ ብሪስቶል ግራመር ስኩል ግን በ1532 የተመሠረተ፣ ዛሬም ያለ ትምህርት ቤት ነው። «ፕሪፌክት» ማለት ታናናሾቹን እንዲቀጣ ሥልጣን የተሰጠው አለቃ ተማሪ ነው፤ በመኝታ ክፍሉ የሚደርሰው ግፍ ለምን በመምህራን እንዳልተነካ ሲገርምዎ ይህን ያስታውሱ። ነፃ የትምህርት ዕድል ማለትም ወጪ የለም ማለት አይደለም፤ የደንብ ልብሱ፣ ጫማው፣ የኪስ ገንዘቡ ከሻይ ቤት አስተናጋጇ ከሜዚ ቦርሳ ነው የሚወጣው።

ገንዘቡንም በአንድ ሐረግ ይያዙት፤ 1 ፓውንድ 20 ሽልንግ፣ 1 ሽልንግ 12 ፔኒ። እስከ 1971 ድረስ እንዲህ ነበር። «ሃፍ ክራውን» 2 ሽልንግ ተኩል ነው፤ «ጊኒ» 21 ሽልንግ ነው፣ ባላባቶችና ሐኪሞች የሚወዱት ሒሳብ። አንድ ገጸ ባሕርይ በጊኒ ሲያወራ መደቡን እየነገረዎት ነው።

ልጁ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ለምን የሕይወትና የሞት ያህል እንደከበደ ብዙ የአማርኛ አንባቢ አይታየውም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ርስት ከአባትም ከእናትም ወገን ለልጆች ሁሉ ሲደርስ የኖረ ነው፤ ማዕረግም በአብዛኛው ከንጉሥ የሚሰጥ እንጂ ከአባት የሚወረስ አልነበረም። በእንግሊዝ ባላባት ቤት ማዕረጉ በተለምዶ የሚሄደው ከሕጋዊ ጋብቻ ለተወለደው የበኩር ወንድ ልጅ ነው፤ ርስቱም አብዛኛውን ጊዜ ተከትሎት ይሄዳል፤ ታናናሾቹና ሴቶቹ የሚተርፋቸውን ይይዛሉ። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ደግሞ ማዕረጉን አይወርስም። አንድ ቀን ቀድሞ መወለድ፣ አንድ የጋብቻ ወረቀት መኖር አለመኖሩ ሁሉንም ይገለብጠዋል። ሂዩጎ ባሪንግተን አንድን የድኻ ልጅ የሚፈራው ለዚህ ነው። ለጥላቻው ከዚህ ሌላ ደግሞ የወደቡ አደጋ ያመጣው ምክንያት አለ፤ እሱን መጽሐፉ ይንገርዎ።

አንድ ነገር ግን ደራሲውን ልቃወመው ነው። አባትነትን የሚያመለክት ፍንጭ አድርጎ የቀለም ዕውርነትን ይጠቀማል። የተለመደው የቀይና የአረንጓዴ ቀለም ዕውርነት የሚተላለፈው በኤክስ ክሮሞዞም ነው፤ ወንድ ልጅ ኤክሱን የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ነው፣ ከአባቱ የሚወስደው ዋይ የተባለውን ክሮሞዞም ነው። ስለዚህ አባትና ልጅ ሁለቱም የቀለም ዕውር መሆናቸው ስለ አባትነት ምንም አያስረዳም። ደብተርዎ ላይ ይህን ፍንጭ ሲመዘግቡ «ገጸ ባሕርያቱ ያምኑበታል» ብለው ይጻፉት፤ ታሪኩን ለመከተል ያ ይበቃል።

ሌላውም ድካሙ አይደበቅም። ክፉው ሰው ሲበዛ ክፉ ነው፣ አጋጣሚ ይበዛል፣ በር ሲንኳኳ የሚገባው ሁልጊዜ የተፈራው ሰው ነው። ምዕራፎቹ አጫጭር ሆነው ልብ አንጠልጥለው ያበቃሉ። ጥልቅ የነፍስ ምርመራ የሚፈልግ ሰው ሌላ ይፈልግ። አርቸር የሚችለው መረጃን መቼ መስጠትና መቼ መንሳት እንዳለበት ነው፤ በዚያ ጥቂቶች ብቻ ይደርሱበታል። በእኔ ፍርድ በመጽሐፉ ውስጥ በእውነት ከፍ ያለውም ሰው ሃሪ አይደለም፤ ሜዚ ናት። እሱ በተከፈተለት በር ገባ፤ እሷ ግን በሯን የከፈተችው ራሷ ናት። የእሷን ክፍል «የእናት ማስታወሻ» ብሎ በፍጥነት የሚያልፍ ሰው ምርጡን ክፍል አልፏል።

ስለ አነባበቡ፦ የመጀመሪያው ቅጽ እንደ ኅትመቱ 400 ገጽ አካባቢ ነው። በቀን 25 ገጽ ካነበቡ በ16 ቀን ያልቃል፤ ከ10 ገጽ በታች ከወረዱ ግን በአንዱ ተራኪና በሌላው መካከል ያለው ርቀት ይሰፋና የመጀመሪያውን ይረሱታል። ሦስት ጊዜ ያቋረጡት ምናልባት በዚሁ ነው። ንባቡን ለቀናት የሚተዉት ከሆነ ክፍልን መሃል ላይ አያቋርጡ፤ የተራኪው ስም በሚለወጥበት ላይ ያቁሙ። መዝገበ ቃላት በምዕራፍ ከሦስት ቃል በላይ አይክፈቱ፤ የመርከብና የትምህርት ቤት ቃላት ከአገባባቸው ይገባሉ። በድምፅ የሚያዳምጡ ከሆነ የክፍሉ ርዕስና ዓመቱ በጆሮ ሽው ብሎ ስለሚያልፍ፣ እሱን ብቻ ቆም ብለው ይጻፉ።

ቅጾቹ በቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው፦ ኦንሊ ታይም ዊል ቴል (2011)፣ ዘ ሲንስ ኦቭ ዘ ፋዘር (2012)፣ ቤስት ኬፕት ሲክሬት (2013)፣ ቢ ኬርፉል ዋት ዩ ዊሽ ፎር (2014)፣ ማይቲየር ዛን ዘ ሶርድ (2015)፣ ከመት ዚ አወር እና ዚስ ዎዝ ኤ ማን (ሁለቱም 2016)። ከመሃል መጀመር አይሞከርም። ሥራው መጀመሪያ የታሰበው በአምስት ቅጽ ነበር፤ ሰባት የሆነው በኋላ ነው፤ መለጠጡም በኋለኞቹ ላይ ይታወቃል። ሁለተኛው ቅጽ አንጠልጥሎት የሚሄደው የውርስ ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በሦስተኛው መጀመሪያ ላይ ነው። የድኻው ልጅ ታሪክ ብቻ የሳበዎ ከሆነ እዚያ ድረስ ያንብቡና መጽሐፉን ያስቀምጡት፤ ምንም አልቀረብዎትም። ከዚያ በኋላ ታሪኩ ወደ ኩባንያ ሽኩቻና ወደ ፖለቲካ ያዘነብላል። ጃይልስንና ኤማን ከወደዷቸው ይቀጥሉ፤ ሃሪን ብቻ ፈልገው ከሆነ ግን ያሳዝንዎታል።

አራተኛውን ሙከራ ሲጀምሩ ካቋረጡበት አይቀጥሉ። የሜዚን የመክፈቻ ገጾች እንደገና አንብበው፣ ሁለቱን ነጠብጣብ መስመሮች ሥለው፣ ከዚያ ወደ ሃሪ ይግቡ።